የጣሪያ ቤት ሚዛን

አገሩ የት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ብነግራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ካወቃችሁት ደግሞ ከመካከላችሁ አንዱ ብድግ ብሎ «እኔም እኮ እዚያ ያላለቀ ጉዳይ አለኝ» ማለቱ አይቀርም፤ ጨዋታችንም ይበላሻል። ዝም ብላችሁ ስሙ።

በዚያ አገር ግብር የሚከፈለው በሣር ነበር። ጥንት አንድ ንጉሥ የእልፍኛቸው ጣሪያ አንዲት ጠብታ ቢያፈስባቸው ተቆጡና፣ እያንዳንዱ ጎጆ በየዓመቱ አርባ እስር ሰምበሌጥ ለቤተ መንግሥቱ ክዳን እንዲያመጣ አዋጅ አስነገሩ። ጠብታዋ በዚያው ሳምንት ተደፈነች። አዋጁ ግን ቀጠለ። ንጉሡ ሞቱ፣ ልጃቸው ነገሡ፣ የልጅ ልጃቸውም ነገሡ፤ ሣሩ በሣር ላይ እየተደረበ ሄደ። የምነግራችሁ ነገር በሆነበት ዘመን የቤተ መንግሥቱ ክዳን ውፍረቱ የሁለት ሰው ቁመት ደርሶ ነበር። ከሥሩ የሚቀመጡት ንጉሥ የዝናብ ድምፅ ሰምተው ስለማያውቁ፣ ሕዝቡ ክረምቱ ከበደን ሲላቸው «የምን ክረምት?» ብለው ይጠይቁ ነበር አሉ። ኮረብታው ሁሉ ተላጭቶ አፈሩ አግጥጧል። አንድ እስር ሰምበሌጥ ለማግኘት የሁለት ቀን መንገድ ያስኬድ ነበር።

ይህን ግብር የሚሰበስበው መሥሪያ ቤት የጣሪያ ቤት ይባላል። ደንቡ ተቆጥሮ አያልቅም፤ እኔ ለዚህ ነገር የሚያስፈልገንን ብቻ ልንገራችሁ። ወደ ጣሪያ ቤት የሚገባ ሰው ከገዛ ጎጆው ክዳን አንድ ጭብጥ ሣር ነቅሎ በራሱ ላይ አስሮ መግባት አለበት፤ ማንነቱ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሽበታም አዛውንት ሣር ተሸክመው ተሰልፈው ማየት እዚያ አያስቅም። በመመላለስ ብዛት ጣሪያቸው የሳሳባቸውም ነበሩ። ልጅ የሚያድርበት ጎጆ «የልጅ ጥላ» የሚሉት ምሕረት ስላለው፣ ከአርባው እስር ሃያውን ብቻ ይከፍላል። ግብሩን ያላሟላ ሰው የጎደለው በሦስት ተባዝቶ ከራሱ ጣሪያ ላይ ይወርድበታል። ጎጆም በመዝገቡ ላይ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት ያሉበት «ሙሉ»፣ አንዳቸው የሞቱበት ደግሞ «ጎደሎ» ይባላል። ሰው በሕይወት እያለ ሊለያይ እንደሚችል ለደንብ ጻፊዎቹ አልታያቸውም። ታይቷቸው ከሆነም ሌላ አምድ ማስመር ሰንፈዋል።

እንግዲህ በዚያ አገር ትርንጎ የምትባል፣ የቃጫ ገመድ እየገመደች የምትተዳደር ሴት ነበረች። ባሏ የነበረው ጓንጉል ቤት በመክደን ሥራ የተመሰገነ ሰው ነው። የመጀመሪያ ልጃቸው በሕፃንነቷ ሞተችባቸው። ከእሷ በኋላ ወለላን፣ ቀጥሎም ዳምጤን ወለዱ፤ ሐዘኑ ግን ከመካከላቸው አልወጣ አለ። በመጨረሻ አንድ ቀን ተቀምጠው ተነጋገሩና፣ ሳይሰዳደቡ፣ ሽማግሌም ሳያስቸግሩ ተለያዩ። ጓንጉል ከወንዙ ማዶ ጎጆ ቀለሰ። ልጆቹ የወሩን አሥራ አምስት ሌሊት ከእናታቸው፣ አሥራ አምስቱን ከአባታቸው ዘንድ ሊያድሩ ተስማሙ።

በዚያው ዓመት መስከረም ሲጠባ፣ ትርንጎ ሣሯን በራሷ ላይ አስራ መለያየቷን ልታስመዘግብ ሄደች። የጣሪያ ቤቱ ሹም አዛዥ ወንዳፍራሽ ይባላሉ፤ ሰውን ቀና ብለው ሳያዩ መዝገቡን ብቻ የሚያናግሩ ሰው ናቸው።

«ባልሽ ሞቷል?» አሏት።

«አልሞተም፣ ጌታዬ። ተለያይተን ነው። እሱም ይኸው ለመመዝገብ መጥቶ ውጭ ቆሟል።»

«ካልሞተ አብራችሁ ናችሁ።»

«እኔ ከወንዙ ወዲህ ነኝ፣ እሱ ከወንዙ ወዲያ ነው እኮ።»

አዛዡ በመስኮት አየት አደረጉ። ጓንጉል ራሱ ላይ ሣር እንዳሰረ እጅ ነሣቸው።

«እኔ የማውቀው ሙሉና ጎደሎ ነው» አሉ ወደ መዝገቡ ተመልሰው። «ሙሉ አይደለሁም ካልሽ ጎደሎ ነሽ። ጎደሎ ከሆንሽ ሞቷል። ነፍሱን ይማር በይና እለፊ።»

«ነፍሱን ይማር» አለች ትርንጎ፣ ከኋላዋ ወረፋው ረጅም ነበርና።

ጓንጉልም ተራው ሲደርስ እንደዚሁ ነፍሷን ይማር ብሎ ወጣ። በመዝገቡ ላይ ሁለቱም ሟች፣ ሁለቱም ሐዘንተኛ፣ ሁለቱም ግብር ከፋይ ሆኑ። ያን ዕለት ወደ ቤት ሲመለሱ መንገድ ላይ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። መሳቅ ያኔ ነበር።

የልጅ ጥላው የሚሰጠው ልጆቹ ብዙ ሌሊት ላደሩበት ጎጆ ነው። ለዚህም ትርንጎ ሁለት ገመድ ገምዳ አንዱን ለጓንጉል ሰጠችው፤ ልጆቹ ባደሩ ቁጥር ጠዋት አንድ ቋጠሮ ይቋጠራል። አሥራ ሁለቱ ወር እኩል ይከፈላል። የምታስቸግረው ጳጉሜ ናት፤ አምስት ሌሊት እኩል ስለማይከፈል ትርፏን አንዲት ሌሊት አንድ ዓመት እናት፣ በሚቀጥለው ዓመት አባት ይወስዳታል። ምሕረቱም በዚያች አንዲት ሌሊት ወደ አንዳቸው ያዘነብላል። ታዲያ ሃያ ብቻ የሚከፍለው፣ አርባ ለሚከፍለው አሥር እስር ያቀብለዋል፤ ሁለቱም ሠላሳ ሠላሳ አወጡ ማለት ነው። ሠላሳ እስር ደግሞ አንድ ሰው ዓመት ሙሉ ለፍቶ ሊያጭደው የሚችለው ሁሉ ነበር። ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ፤ ማንንም አላስቸገሩም።

በአራተኛው ዓመት ጳጉሜ ስድስት ሆነች።

ሌላ ሰው ቢሆን ከስድስቱ አንዷን ሌሊት ለአንዱ አድልቶ ነገሩን ይጨርሰው ነበር። ትርንጎና ጓንጉል ግን ዘንድሮስ የሚያከራክር ነገር ጠፋ ብለው ደስ ብሏቸው፣ ሦስቱን ሌሊት እሷ ዘንድ፣ ሦስቱን እሱ ዘንድ አሳደሯቸው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባል የለ? ደንብና ፍትሕ አንድ ነገር መስሏቸው ነበር።

መስከረም ሲጠባ ገመዳቸውን ይዘው ቀረቡ። የጣሪያ ቤቱ መዛኝ አለቃ ገላው ይባላሉ። ቋጠሮውን በጣታቸው እየዳበሱ ቆጠሩ፤ መቶ ሰማንያ ሦስት። ሌላውን ቆጠሩ፤ መቶ ሰማንያ ሦስት። ሁለቱን ገመድ በሚዛኑ በሁለት ሳህን ላይ ቢያስቀምጡ ሚዛኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። አለቃ ገላው በዕድሜያቸው እንዲህ ሲቆም አይተው ስለማያውቁ ተሰብሮ እንደሆነ ብለው መታ መታ አደረጉት።

«ይህ ምንድነው?» አሉ አዛዥ ወንዳፍራሽ።

«እኩል ነው፣ ጌታዬ» አለች ትርንጎ።

«እኩል የሚባል አምድ የለኝም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ዋሽታችኋል።»

«ማንም አልዋሸም።»

«ችግሩ እሱ ነው እኮ» አሉ አዛዡ።

ከዚያ ደንቡን አነበቡላቸው። የሌሊት ሚዛን ቀጥ ካለ የተጣላ ሁሉ የሚካሰስበት የበደል ሚዛን ይቀመጣል። አንደኛው ወገን የሌላውን በደል ልጆቹ ባሉበት ይናገራል፤ በደሉ በድንጋይ ይመዘናል፤ ሚዛን ከደፋ ከበዳዩ ገመድ አንድ ቋጠሮ ይፈታል። የሚከስ ከሌለ ግን የልጅ ጥላው ለማንም አይሰጥም፤ ሁለቱም አርባ አርባ እስር ይከፍላሉ። ለክሱ የተሰጣቸው ቀን ሰባት ነው። ትርንጎ በልቧ አሰላችው። ሠላሳ ሠላሳ አላቸው፤ አሥር አሥር ይጎድላቸዋል፤ ሲባዛ ከየጣሪያው ላይ ሠላሳ እስር ይወርዳል። የጎጆዋ ክዳን በሙሉ ቢነቀል ሃምሳ እስር አይሞላም። ክረምቱ ገና አልወጣም። ልጆቹ በዚህም ቤት በዚያም ቤት ዝናብ ሊወርድባቸው ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ፣ ይቅር በሉኝ። ባልና ሚስት ሲለያዩ ጎረቤት የሚመኘው፣ ሽማግሌ የሚለምነው፣ ቄሱም ሼሁም የሚመክሩት በሰላም እንዲሆን ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በሰላም አደረጉት። ያን ሰላም ነው እንግዲህ ያ ቤት ቅጣት የጣለበት። የተጣሉ ቢሆኑ ኖሮ ጉዳያቸው በአንድ ጠዋት ባለቀ።

በስድስተኛው ቀን ሁለቱ ወንዙ መሻገሪያ ላይ ተገናኙ። ሁልጊዜም ልጆቹን የሚቀባበሉት እዚያ ነው። ውሃው ላይ በመራመጃነት የተደረደሩት ድንጋዮች አንዱን ጎርፍ ወስዶት ክፍተት ስለነበረ፣ ወለላ ዳምጤን አዝላ ነበር የምትሻገረው። ጓንጉል ዛሬ ነገ ድንጋይ እተካለሁ እንዳለ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር።

«እኔን ክሰሺኝ» አላት። «ሰካራም ነው በይ።»

«አንተን? ጠላ ሲሸትህ እንኳ የሚያስነጥስህን?»

«እነሱ በምን ያውቃሉ። ሰነፍ ነው፣ ቤቱን ያስርባል በይ። ምሕረቱን ውሰጂና አሥሩን እስር እንደ ልማዳችን ላኪልኝ። ጨዋታ ነው በይው።»

«ልጆቹ መሀል ይቀመጣሉ ብለዋል እኮ።»

ጓንጉል ማዶ ማዶ አየ። «ጨዋታ መሆኑን እንነግራቸዋለን» አለ።

ነገሯቸው። ወለላ አሥር ዓመቷ ነበርና ገባኝ አለች። ስድስት ዓመት የሆነው ዳምጤም እሷን አይቶ ገባኝ አለ።

በማግሥቱ በሚዛኑ ግራና ቀኝ ቆሙ። ልጆቹን መሀል ባለው ረጅም በርጩማ ላይ አስቀመጧቸው፤ የዳምጤ እግር መሬት አይደርስም ነበር። አለቃ ገላው ከጎናቸው ድንጋይ የሞላ ቅርጫት አላቸው። ከሽምብራ አንስቶ የሰው ራስ እስከሚያህል ድረስ፣ ለእያንዳንዱ በደል የራሱ ድንጋይ ተመድቧል።

«ሰካራም ነው» አለች ትርንጎ።

አለቃ ገላው ሽምብራ የምታህለውን ጣል አደረጉ። ሚዛኑ አልተነቃነቀም። «በዚህ ሳምንት መቶ ሰካራም መዝኛለሁ» አሉ። «ረክሷል።»

«ሰነፍ ነው። ቤቱን ያስርባል።»

ሌላ ጠጠር ጣል አደረጉ። ምንም የለም።

«አፉ መጥፎ ነው። ይሰድበኛል።»

«ሴትዮ፣ ይህን ለማን ትነግሪዋለሽ?» አሉ አዛዥ ወንዳፍራሽ። «ሰባተኛው ቀን ነው። ከባድ ነገር ካለሽ አምጪ፣ ከሌለሽ ቀጣዩ ይግባ። ጣሪያ አውራጆቹ ውጭ ቆመዋል።»

ትርንጎ የዳምጤን የተንጠለጠለ እግር አየች። በበሩ በኩል ደመናው ጠቁሯል። መሰላል የያዙት ሰዎች ደጅ ላይ ተቀምጠው ቆሎ ይቆረጥማሉ። ያለማመዱት ቃል አልቆባት ነበር። የቀራት እውነቱ ነው፤ አፏም ከፈት አለ።

«ልጃችን ስትሞት እሱ ተኝቶ ነበር» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሕፃኗ ትኩሳት ይዟት ጓንጉል መድኃኒት ሊያመጣ ሩቅ አገር ሄደ። መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ከአንድ ዛፍ ሥር ትንሽ ልረፍ ብሎ ቁጭ አለ፤ እንቅልፍ ጣለው። ሲነቃ ነግቷል፤ ቤት ሲደርስ ሁሉ ነገር አልቋል። ይህን ከትርንጎ በቀር ለሰው ተናግሮ አያውቅም፤ ለእሷም የነገራት አንድ ጊዜ፣ ተንበርክኮ ነው። እሷም ይቅር ብላው ነበር፤ ዳግመኛም አልተነሣም። ይቅር የተባባሉትን ነገር ነው እንግዲህ ከተቀበረበት አውጥታ ሚዛን ላይ የጣለችው።

አለቃ ገላው ከቅርጫቱ ሥር ጥቁሩን ድንጋይ በሁለት እጃቸው አወጡት። ሚዛኑ ጓ ብሎ ወደቀ።

«እንዲህ ነው እንጂ ክስ» አሉ አዛዥ ወንዳፍራሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርንጎን ቀና ብለው እያዩ።

«የትኛዋ ልጃችሁ?» አለ ዳምጤ። ስለ እሷ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ጓንጉል በራሱ ላይ ያሰረውን ሣር ፈታ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፣ ወጣ። ትርንጎ በማኅተም የተረጋገጠ ምሕረቷን ይዛ ወጥታ በመንገድ ላይ ፈለገችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እሱ፣ ልጆቹን ብቻ ይዛ ተመለሰች። አሥሩን እስር ሣር በጎረቤት አህያ ጭና ላከችለት፤ አህያው ከነጭነቱ ተመለሰ። በማግሥቱ ጣሪያ አውራጆቹ ወንዙን ተሻግረው ከጓንጉል ክዳን ላይ ሠላሳ እስር አወረዱ። የስንቱን ቤት የከደነ ሰው፣ ያን መስከረም የራሱን በኮባ ቅጠል ሸፍኖ ከረመ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ዓመቱ እንዴት እንዳለፈ ላስረዝመው አልፈልግም። በወንዙ መሻገሪያ እናት በዚህ በኩል ጀርባዋን ሰጥታ ትቆማለች፤ አባት በዚያ በኩል ጀርባውን ሰጥቶ ይቆማል፤ ወለላ ወንድሟን አዝላ ብቻዋን ትሻገራለች። እሷ የእሱን ቋጠሮ አላምን አለች፣ እሱ የእሷን። ወሬውን አገር ሰማው፤ ጣራ ክደንልን የሚሉት ሰዎች «ተኝቶ የሚቀር ሰው ነው አሉ» እያሉ ሌላ ሰው መጥራት ጀመሩ። ጓንጉልም በበኩሉ አንድ ነገር በሆዱ ያዘ። ሰው አሥር ዓመት አብሮት ከኖረ ሰው ላይ ከባድ ድንጋይ አያጣም።

ዓመቱ ዞሮ ጳጉሜ እንደ ወጉ አምስት ሆነች፤ ተራውም የጓንጉል ነበር። ትርፏን ሌሊት ልጆቹ እሱ ዘንድ አደሩ። ሚዛኑ በገመዱ ብቻ ሊያዘነብል ይችል ነበር። አዛዥ ወንዳፍራሽ ግን ገመዱን ገለል አደረጉት።

«ሚዛን የገባ ከሚዛን አይወጣም» አሉ። «አንድ ጊዜ ተካስሳችኋል፤ ከእንግዲህ በየዓመቱ ትካሰሳላችሁ። ባለፈው ዓመት የረታ ይጀምራል።»

የተካሰሱበት ሚዛን ለእነሱ ተለይቶ ቆይቷል፤ ጥቁሩ ድንጋይ እዚያው ሳህኑ ላይ ነበር፤ አቧራ ለብሷል። ጓንጉል ከወዲያ በኩል ቆሞ ከንፈሩን ነክሷል። የሚናገረውን አዘጋጅቶ እንደመጣ ፊቱ ይናገራል። ትርንጎም አዘጋጅታ ነበር፤ እውነቱን መደበቅ አያስፈልግም። ሌሊቱን ስታሰላስለው ያደረችው ሁለት ከባድ ነገር ነበራት። ልትናገር ስትል ዓይኗ በርጩማው ላይ አረፈ። ወለላ በሁለት እጇ የዳምጤን ጆሮ ደፍናለች። ልማድ የሆነባት ይመስል ነበር፤ ማንም ያዘዛት የለም።

ትርንጎ አፏን ዘጋች። ከዚያ «ያለፈው ዓመት ድንጋይ ይነሣልኝ» አለች።

«የተቀመጠ አይነሣም» አሉ አለቃ ገላው።

«እንግዲያው ሳልናገር ያስቀረሁትን ጻፉ። ይህ ሰው ያን ዕለት መንገድ ላይ ከመተኛቱ በፊት ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ዓይኑን አልከደነም። ልጅቱን አዝሎ ከመድኃኒተኛ ወደ መድኃኒተኛ የሮጠው እሱ ነው። እኔ ተኝቼ ነበር። ተኚ፣ እኔ አለሁ ያለኝ እሱ ነው። ይህን እያወቅሁ ነው የከሰስኩት።»

ጓንጉል የነከሰውን ከንፈር ለቀቀ።

«ይህ የክስ ቃል አይደለም» አሉ አለቃ ገላው፣ ጨንቋቸው። «ሚዛኑ የሚመዝነው በደል ብቻ ነው።»

«በደል ከሆነ የምትፈልጉት እሱም አለኝ። የምከሰው ይህን ቤት ነው።»

አዛዥ ወንዳፍራሽ ሳቁ። «ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል አልሰማሽም?»

«ንጉሥ አልከሰስኩም። እሳቸው ዝናብ መዝነቡንም አያውቁም። የምከሰው እርስዎን ነው፣ ጌታዬ፤ እዚህ ተቀምጠው የሚያውቁትን። ኑሯችን በአምድዎ ውስጥ አልገባ ሲልዎ አምዱን ማስፋት አቃተዎትና እኛን ቆራርጠው አስገቡን። በሰላም ኖረን ነበር፤ በልጆቻችን ፊት ጠላት አደረጉን። የሞተች ልጄን ከመቃብሯ አስወጥተው በሃያ እስር ሣር አስሸጡኝ። እኔም ሸጥኩ፤ ይህን አልክድም። ለዚህ የሚሆን ድንጋይ አላችሁ?»

አለቃ ገላው ልማድ ሆኖባቸው ቅርጫቱን ጎንበስ ብለው አዩ። «የለንም» አሉ።

ትርንጎ ጥቁሩን ድንጋይ ከሳህኑ ላይ አነሣችው። ባዶው ሳህን ወደ ላይ ተፈናጠረ። ድንጋዩን በነጠላዋ ቋጥራ በጀርባዋ አዘለችውና በወረፋው መሀል አልፋ ወጣች። ዘበኞቹ እርስ በርስ ተያዩ። ድንጋይ ስለሚወስድ ሰው በደንቡ ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ ደንቡን እስኪያገላብጡ እሷ ወንዙ ዘንድ ደርሳ፣ ጎርፍ የወሰደው መራመጃ በነበረበት ክፍተት ውስጥ ድንጋዩን አስቀምጣው ነበር። በልኩ ገባ።

ደንቡን በሦስተኛው ቀን አገኙት፤ አላገኙትም ጻፉት። «የሚዛኑን ክብር የነካ ጣሪያው እስከ ማገሩ ይወርዳል» ይላል። ከጠዋት ጀምሮ ሲነቅሉ ውለው ወደ ማታ ገደማ የትርንጎን ጎጆ ወራጅና ማገር ብቻ አስቀርተውት ሄዱ። ሣሩን በሁለት በቅሎ ጭነው፣ ከቤተ መንግሥቱ ክዳን ላይ ሊደርቡት ወሰዱት። ከዝናቡ ግን አላመለጡም፤ ገና ከመንደሩ ሳይወጡ ጀመረ። ትርንጎ ልጆቹን ከገመድ መጋዘኗ በተረፈ ጆንያ ሸፍና፣ ደጋግማ ውሃውን እያራገፈች አነጋች።

ጠዋት ሲያባራ በወንዙ በኩል አንድ ሰው ሣር ተሸክሞ ሲመጣ አየች። ሸክሙ ትልቅ ስለነበር መልኩ አይታይም፤ መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ግን ክፍተቱ ከነበረበት ቦታ ቆም ብሎ ወደ ታች አየና፣ ጥቁሩን ድንጋይ ረግጦ ተሻገረ። ጓንጉል ነው። ሣሩ አሮጌ ነበር፤ የጭስ ጠረን አለው። ከገዛ ጣሪያው የነቀለው ነው።

ሸክሙን ደጃፍ ላይ አራገፈ። እንደገና ሄዶ እንደገና መጣ።

«ሙሉውን ማምጣት አልቻልኩም» አለ በሦስተኛው ጉዞ። «ግማሹን ነው።»

«ሙሉ አምጣ ያለህ ማነው?» አለች ትርንጎ። ደግሞም «ገመድ አለኝ» አለች።

እሱ ማገሩ ላይ ወጣ፤ እሷ ከታች ገመድ ታቀብለዋለች። ዝናብ በሚመጣበት በኩል ያለውን ግማሽ ከድኖ እስኪጨርስ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘቀዘቀች። በመሀሉ ዳምጤ ከማገሩ ሥር ቆሞ «አባዬ፣ ያቺ እህታችን ስሟ ማን ነበር?» አለው።

ጓንጉል እጁ ላይ የነበረውን ሣር አስሮ ጨረሰ። «ምንትዋብ» አለ። «ና፣ ስወርድ እነግርሃለሁ።» ወርዶም ነገረው፤ ትርንጎም የረሳውን እየሞላች አብራ ነገረችው።

አብረው ተመለሱ እንድላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። አልተመለሱም፤ እንደዚያ ዓይነት ተረት የሚፈልግ ሌላ ሽማግሌ ይፈልግ። ጓንጉል መሸት ሲል ወንዙን ተሻግሮ ወደ ግማሽ ጣሪያው ሄደ። አዛዥ ወንዳፍራሽ ዛሬም አልተሻሩም። በሳምንቱ አንድ መዝጋቢ ልከው ሁለቱን ጎጆ አስጎበኙ። መዝጋቢው የትርንጎን ቤት ሦስት ጊዜ ዞረው፤ ሙሉ ነው እንዳይል ሰማይ ይታያል፣ ጎደሎ ነው እንዳይል ሁለቱም ሰዎች በሕይወት አሉ። ብርዑን እንዳነሣ ቆይቶ ወደ ውስጥ ተጣራ።

«ይህን ምን ብዬ ልጻፈው?»

«ዝናብ ሲዘንብ ናና እይ» አለችው ትርንጎ ከውስጥ፣ ገመዷን ሳታቆም።

መዝጋቢው ዝናብ ሲዘንብ አልመጣም፤ የጣሪያ ቤት ሰው በዝናብ አይወጣም። መጥቶ ቢሆን ኖሮ ያይ ነበር። ያን መስከረም ውሃው በወንዙ ወዲህም ወዲያም የቤቱን ግማሽ ያጥለቀልቀው ነበር። በእርጥቡ በኩል፣ ወዲህ እናት፣ ወዲያ አባት ጆንያ ደርበው ይተኛሉ። ደረቁ ወገን በሁለቱም ቤት የልጆቹ ነበር።